ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤልና የኀዘን ሸክም

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ ለመጽሔቱ የሚሆን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፥ የአንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት ለመጻፍ ተስማማን። የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በድል፥ በሹመትና በክብር ነው። ሰው ግን ከድሉ ይልቅ የሚታወቀው መከራ በደረሰበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የራስ መኰንን ወልደ ሚካኤልን ሕይወት መርጠን፥ በሹመታቸው በኩል ብቻ ሳይሆን በደረሰባቸው ኀዘን በኩል ልንመለከተው አሰብን።

ምክንያታችን ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ ከተማችን ጅጅጋ በዚያን ዘመን በሐረር ግዛት ውስጥ ስለ ነበረች፥ የእርሳቸው ታሪክ የአገራችንም ታሪክ ነው። ሁለተኛ፥ ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አባቱን ወይም እናቱን፥ ወንድሙን ወይም እኅቱን ያልቀበረ ሰው የሌለበት ክፍል አይገኝም። አንዳንዱም አንዱን ቀብሮ ዕንባው ሳይደርቅ ሌላውን ቀብሯል። ለእንደዚህ ያለው ጓደኛችን ምን ማለት እንደሚገባን ሲቸግረን፥ ከእኛ በፊት ይህንኑ ሸክም የተሸከመን ሰው ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ራስ መኰንን የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሣ፥ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ለዐፄ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን አባታቸው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ወሰዷቸው፤ እዚያም አደጉ። ጠባያቸው ረጋ ያለ፥ ንግግራቸው ለስላሳ፥ ምክራቸውም የታሰበበት ስለ ነበረ፥ ንጉሡ ከሌሎቹ ባለሟሎች ይልቅ ያምኗቸው ነበር።

በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ድል ከሆኑ በኋላ፥ መኰንን ደጃዝማች ተብለው የሐረር ገዥ ሆነው ተሾሙ። በዚያን ጊዜ ገና የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ሄዱ፤ ሲመለሱም የራስነት ማዕርግ ተሰጣቸው። ግዛታቸው ከሐረር ወደ ምሥራቅ እስከ ሶማሌ ሜዳ ይደርስ ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1893 አንድ ስዌን የሚባል እንግሊዛዊ የጦር ሹም በጅጅጋ ሲያልፍ፥ ከውኃ ጕድጓዶቹ አጠገብ በእንጨት አጥር የተከበበ ምሽግና ሃያ አምስት ወታደሮች እንዳገኘ ጽፏል። ዛሬ ትልቅ ከተማ የሆነችው ጅጅጋ በዚያ ዘመን ይህን ያህል ነበረች።

ከውጭ ለተመለከታቸው ሰው መኰንን ሁሉ የተሟላላቸው ሰው ነበሩ። ሹመት ነበራቸው፤ ሀብት ነበራቸው፤ ከወሎ የተወለዱትን ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊን አግብተው በፍቅር ይኖሩ ነበር። በቤታቸው ውስጥ ግን ሞት ደጋግሞ ይገባ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት የወለዷቸው ልጆች አንድ በአንድ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ቍጥራቸው ዐሥር ይደርስ እንደ ነበረ ይነገራል። ከወይዘሮ የሺመቤት ልጆች በሕይወት ለማደግ የበቃው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፥ ይህን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ማንበብ ቀላል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ እልል ተብሎለታል፤ ስም ወጥቶለታል፤ ገንፎ ተገንፍቶለታል። እናቱም ከመጀመሪያው ሐዘንዋ ሳትጽናና በፍርሃት ታቅፋዋለች። ከዚያ በኋላ ትንሽ መቃብር ተቈፍሯል። ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ሆነ።

ዘመኑም የመከራ ዘመን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገራችን ክፉ ቀን በሚባለው ረኃብ ተመታች። የከብት በሽታ ገብቶ በሬዎቹን ስለ ፈጀ እርሻው ጾም አደረ፤ በረኃቡ ላይም ፈንጣጣና ሌላ ተላላፊ በሽታ ተጨመረ። የደጋው ገበሬም የቈላው አርብቶ አደርም አለቀ። የሕፃናት ሞት የእኛ አገር ዕጣ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን መጨረሻ፥ ፋብሪካና ምድር ባቡር በነበራት በእንግሊዝ አገር እንኳ፥ ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት 150 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። የብዙዎቹን ሕፃናት በሽታ የሚከላከለው ክትባት ገና አልተገኘም፤ ንጹሕ ውኃም ብርቅ ነበረ። ሞት የቤተ መንግሥቱንና የጎጆውን በር እኩል ይመታ ነበር።

በዚህ መካከል ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙም ተፈሪ ተባለ። ወላጆቹ በምን ዓይነት ሥጋት እንደ ጠበቁት መገመት አያስቸግርም። ልጁ ዳነ፤ ሰነበተ፤ መራመድም ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት መጋቢት 6 ቀን 1886 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበረ። እንግዲህ ራስ መኰንን፥ ልጆቻቸውን አብራቸው የቀበረችውን ሴት ራሷን ቀበሩ። ከኀዘን ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በኀዘን ጊዜ አብሮ የሚያለቅሰው ሰው ሲሞት፥ የቀድሞው ኀዘን ሁሉ እንደ ገና ይነሣል።

በአገራችን ለቅሶ የአንድ ሰው ጕዳይ አይደለም። ክርስቲያኑ ሰልስትና ተዝካር አለው፤ እስላሙም በሦስቱ የታዕዚያ ቀኖች ወገኑን ሰብስቦ ቍርኣን ያስቀራል። ሁለቱም ሦስት ቀን ሙሉ ኀዘንተኛውን ብቻውን አይተዉትም፤ ጎረቤት ምግብ ያመጣል፤ ሽማግሌ ይመክራል። ይህ ሥርዓት ለራስም ለድኻም እኩል ነው። ነገር ግን ለቅሶኛው ሲበተን፥ ድንኳኑም ሲነሣ፥ ኀዘንተኛው ብቻውን የሚቀርበት ቀን ይመጣል። ትልቁም ጥያቄ የሚጀምረው በዚያ ቀን ነው። ራስ መኰንን ከዚያ ቀን በኋላ ምን አደረጉ? ሰውን ከሥራው እናውቀዋለንና መልሱን ከሥራቸው እንፈልግ።

መጀመሪያ የምናየው ነገር፥ ሥራቸውን አለመተዋቸውን ነው። ወይዘሮ የሺመቤት በሞቱ በሃያኛው ወር ኢጣልያ በሰሜን ወረራ ስላደረገች፥ ራስ መኰንን የሐረርን ጦር አስከትተው ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ከሌሎች መኳንንት ጋር ሆነው የጠላትን ምሽግ ሰበሩ። ከዚያም በመቀሌ የተከበበው የኢጣልያ ጦር በውኃ ጥም ተጨንቆ በወጣ ጊዜ፥ ያንን ጦር በሰላም የማሸኘቱ አደራ የተሰጠው ለእርሳቸው ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተዋጉት ታላላቅ የጦር አለቆች አንዱ ናቸው። በዐድዋ ድል ሆነ፤ ነገር ግን እንደ ፊታውራሪ ገበየሁ ያሉ ጀግኖችና እጅግ ብዙ ሰው ወድቋል። ራስ መኰንን ወደ ሐረር የተመለሱት ድልንና አዲስ ኀዘንን አንድ ላይ ይዘው ነው።

ከዚህ በኋላ በቍልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ይህም ስለ ዐድዋው ድል ምስጋና ነበረ። ቍልቢ ዛሬ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከመላ አገሪቱ ሕዝብ የሚጐርፍበት ቦታ ነው። ወደዚያ ከሚጓዙት ብዙዎቹ ልጅ ለማግኘት ወይም የታመመ ልጅ እንዲድንላቸው የተሳሉ ወላጆች ናቸው፤ ስለታቸው ሲደርስም ሕፃኑን ታቅፈው እየመጡ እዚያ ያስጠምቃሉ። ልጆቻቸውን ደጋግመው የቀበሩት ሰው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን፥ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የሚማጸኑበት ቦታ ሆነ። ይህ ነገር ሲያስቡት ልብን ይነካል።

ሁለተኛው ነገር፥ የተረፈውን ልጅ ያሳደጉበት መንገድ ነው። ብዙ ልጅ የሞተበት ሰው ለተረፈው ልጅ እጅግ መፍራቱ አይቀርም። ነፋስ እንዳይነካው፥ ፀሐይ እንዳያየው ብሎ ቤት ሊዘጋበት ይችላል። ራስ መኰንን ግን እንዲህ አላደረጉም። ተፈሪ ብቻውን እንዳያድግ፥ በኋላ ራስ እምሩ ከተባለው ከዘመዱ ልጅ ጋር አብሮ እንዲያድግና እንዲማር አደረጉ። ባገራችን ትምህርት ከካህናት እንዲማር ካደረጉ በኋላ፥ የፈረንሳይኛ ቋንቋ እንዲጨመርለት ፈለጉ። አስተማሪዎቹም ከጓዴሉፕ ደሴት የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታልየንና ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ነበሩ። በዚያ ዘመን የውጭ ቋንቋ መማር ሃይማኖት ያስለውጣል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበረ፥ ይህ ውሳኔ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ሄደው የውጭውን ዓለም ሥልጣኔ እንደ ገና አይተዋል። ልጃቸው ከእርሳቸው የበለጠ እንዲያውቅ መፈለጋቸውም ከዚህ የመነጨ ነው።

የሺመቤት ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ ምንትዋብን አግብተው ነበር፤ ጋብቻው ግን ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ። ቤታቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሦስተኛው ነገር፥ ለታመመ ሰው የነበራቸው አሳብ ነው። ሬምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር ከእርሳቸው ጋር ይተዋወቅ ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1891 እግሩ ታሞ በማርሴይ ከተማ እንደ ተቈረጠ በሰሙ ጊዜ፥ ማዘናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው ላኩለት። አገር የሚገዛ ራስ ለአንድ ታማሚ የውጭ አገር ነጋዴ የማጽናኛ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ኋላም በሐረር የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ሲያቋቍሙ ረዷቸው፤ በከተማውም ሆስፒታል እንዲከፈት አደረጉ። በሥጋ ደዌ የታመመ ሰው በዚያ ዘመን ከቤተ ሰቡ ተለይቶ በየመንገዱ የሚወድቅ ሰው ነበር፤ ማለት በቁሙ የተቀበረ ነው። የራሱን ቁስል የሚያውቅ ሰው የሌላውን ቁስል አይጸየፍም።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሳንሸሽግ መጻፍ ይገባናል፤ የምንጽፈው በጅጅጋ ነውና። ራስ መኰንን ኀዘን የደረሰባቸው ሰው ብቻ አልነበሩም፤ በሥልጣናቸው ዘመን በሌሎች ቤትም ኀዘን ገብቷል። በጨለንቆ የሞቱትን የሐረር ልጆች እናቶቻቸው አልቅሰውላቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ከሐረር የሚወጣው ወታደር በየጊዜው በሶማሌ ምድር እየዘመተ የአርብቶ አደሩን ግመልና ከብት በኀይል ይወስድ ነበር። ግመሉ የተወሰደበት ቤተ ሰብ በድርቅ ጊዜ ወተት የለውም፤ ወተት የሌለውም ልጅ ይሞታል። በ1889 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድ ጋር በሐረር ስለ ወሰን በተስማሙ ጊዜም፥ በግጦሹና በውኃው የሚኖሩት ሰዎች አልተጠየቁም። በ1892 ዓ.ም. ደግሞ የሰይድ መሐመድ ዐብዱላሂ ሐሰን ተከታዮች የጅጅጋን ምሽግ ባጠቁ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ሰው አለቀ፤ ከአጥቂዎቹ ወገን የወደቁት ግን እጅግ የበዙ ነበሩ። ዛሬ በአንድ ወንበር ጐን ለጐን ተቀምጠን ከምንማረው መካከል፥ የአንዱ ቅድመ አያት ከምሽጉ ውስጥ፥ የሌላው ከምሽጉ ውጭ የነበሩ ይገኙ ይሆናል።

ይህን የጻፍነው የሞተን ሰው ለመክሰስ አይደለም። ኀዘን በራሱ ሰውን ጻድቅ እንደማያደርግ ለማስታወስ ነው። ኀዘን በር ነው፤ በዚያ በር ወጥቶ የጎረቤቱን ኀዘን የሚያይ አለ፤ በሩን ዘግቶ የራሱን ብቻ የሚያይም አለ። ራስ መኰንን ይህን በር ለሕሙማኑና ለወላጅ አልባ ልጃቸው ከፍተውታል። ለሩቁ አርብቶ አደር ግን የዘመኑ የጦርነት ልማድ ዘግቶት ነበር። እኛ ከእርሳቸው በኋላ የተወለድን ስለሆንን፥ በሩን ከዚያ ይልቅ አስፍተን ልንከፍተው ይገባናል።

አሁን ወደ መጨረሻው እንምጣ። በጥቅምት ወር 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን የዐሥራ ሦስት ዓመቱን ልጃቸውን ተፈሪን ደጃዝማች አሰኝተው የጋራ ሙለታን ግዛት ሰጡት። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሥተው ሲጓዙ በቡርቃ ታመሙ። ሕመሙም እየጸና ስለ ሄደ ወደ ቍልቢ ተመለሱ። ሞት እንደ ቀረበ ባወቁ ጊዜ ያሳሰባቸው ያ የተረፈው ልጅ ነበረ፤ ስለዚህ አደራውን ለዐፄ ምኒልክ በደብዳቤ ሰጡ። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. በቍልቢ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በሐረር በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። የሺመቤት ከሞቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሳምንት ሆኖ ነበር። ዐፄ ምኒልክ እንደ ወንድም የሚያዩት ሰው ስለ ሞተባቸው እጅግ አዘኑ፤ በአዲስ አበባም ታላቅ ለቅሶ ተደረገ።

ከአባታቸው ሞት በኋላ ሐረር የተሰጠው ከሌላ እናት ለተወለዱት ለታላቁ ልጅ ለደጃዝማች ይልማ ነበር፤ እርሳቸውም በ1900 ዓ.ም. ሞቱ። ስለዚህ ተፈሪ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው እናቱን፥ አባቱንና ወንድሙን አጣ። ነገር ግን አደራው አልጠፋም ነበር። ምኒልክ ወደ ቤተ መንግሥታቸው አስመጥተው አሳደጉት፤ በአዲሱ የምኒልክ ትምህርት ቤትም እንዲማር አደረጉ። ይህ ልጅ በኋላ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ የተባሉት ንጉሠ ነገሥት ነው።

የራስ መኰንን ስም ዛሬም ያከራክራል። በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ ድልድይ አለ፤ በሐረር ቆሞ የነበረው ሐውልታቸው ግን በ2012 ዓ.ም. ፈርሷል። አንዱ የሚያከብራቸው ሌላው የሚያዝንባቸው ናቸው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የፈለግነው ሐውልቱን ሳይሆን፥ ለቅሶኛው ከተበተነ በኋላ ብቻቸውን የቀሩትን አባት ነው።

ከሕይወታቸውም የምንማረው ይህ ነው። ኀዘን ዕዳ አይደለም፤ ተከፍሎ አያልቅም። ሸክም ነው፤ ሸክም ደግሞ የሚቀለው መንገድ ሲሄዱና ሰው ሲያግዝ ነው። ያዘነ ጓደኛችን በሰልስቱ ማግስት ወደ ክፍል ሲመለስ፥ እንዳላየነው ሆነን ፊታችንን አናዙርበት። የሞተበትን ሰው ስም ለመጥራት አንፍራ፤ ያመለጠውን ትምህርት በደብተራችን እንስጠው፤ ከአርባ ቀን በኋላም፥ ከዓመት በኋላም እንጠይቀው። ያዘንነውም እኛ ብንሆን፥ ትምህርታችንን አንተው፤ ከተረፉልን ታናናሾች ፊታችንን አናዙር። መምህራንና ወላጆችም፥ ልጅ ዝም ሲል ረስቶታል እንዳይሉ እንለምናቸዋለን፤ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያዝነው በዝምታ ነውና።

በዚህች ከተማ የሁለቱም ወገን መቃብሮች አሉ። የእኛ ትውልድ ሥራ በሁለቱም ፊት ለመቆምና ለሁለቱም ለማዘን መቻል ነው።